የኡኖ ዋየርለስ ሞጁል አልሰራ ሲል፦ መጠገን ይሻላል፣ መቀየር ወይስ ወደ ኢኤስፒ32 መሄድ?

አርዱይኖ ኡኖ ላይ ዋየርለስ ሞጁል ገጥማቹ አልሰራ ካላቹ ያሏቹ አማራጮች ሦስት ናቸው፣ ወይ ያለውን ሞጁል ችግሩን ፈልጎ ማስነሳት፣ ወይ በሌላ አይነት ሞጁል መቀየር፣ ወይ ደሞ ኡኖውን ትቶ ዋይፋይና ብሉቱዝ አብሮት የተሰራ እንደ ኢኤስፒ32 ያለ ቦርድ መያዝ። ብዙ ሰው ግን፣ በተለይ የመመረቂያ ፕሮጀክት ማስረከቢያው ሲደርስ፣ ሦስቱንም ሳያመዛዝን ያንኑ ሞጁል ደግሞ ይገዛል፣ አዲሱም እንደ በፊቱ ዝም ይላል፣ ምክንያቱም ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ሞጁሉ ጋር አይደለም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላር በገበያ ዋጋ ከሆነ በኋላ ደሞ ጤነኛ ሞጁል "ተበላሽቷል" ብሎ ጥሎ ሌላ መግዛት በጣም ያሳዝናል።

የኔን አቋም ከመጀመሪያው ልናገር። የያዛቹት ኢኤስፒ-01 (ትንሹ የዋይፋይ ሞጁል) ከሆነ ብዙ አትድከሙበት፣ ወደ ኢኤስፒ32 ሂዱ። ኤንአርኤፍ24 (ያለ ኢንተርኔት ቦርድ ከቦርድ የሚያገናኘው ሬዲዮ) ከሆነ ግን ተስፋ አትቁረጡ፣ አብዛኛው ይነሳል። ሲም800ኤል (በሲም ካርድ የሚሰራው) ከሆነ ሞጁሉን ተዉትና ፓወሩን ቀይሩ። ለምን እንደሆነ እንየው።

መጀመሪያ ፓወር

ይሄን ሳታዩ የትኛውንም አትምረጡ። ኡኖ ላይ 3.3 ቮልት የሚል ፒን አለ አይደል፣ ኦሪጅናሉ ኡኖ አር3 ላይ ከዛ ፒን እንዲሳብ የሚፈቀደው 50 ሚሊአምፒር ብቻ ነው። ኢኤስፒ-01 ላይ ያለው ቺፕ ዋይፋይ ሲልክ በዳታሺቱ እስከ 170 ሚሊአምፒር ይስባል፣ ለቅጽበት ደሞ ከዛም በላይ ይሄዳል። ሲም800ኤልማ እስከ 2 አምፒር ነው። በቃ ሒሳቡ አይገጥምም። ሞጁሉ ላይ ያለው መብራት ይበራል፣ ለትንሽ ኮማንድ መልስ ይሰጣል፣ ልክ መላክ ሲጀምር ግን ቮልቴጁ ይወርድና ሪሴት ያደርጋል፣ እናንተ ኮድ ውስጥ ስትፈልጉ ታድራላቹ። መብራቱ በራ ማለት ፓወሩ በቃው ማለት አይደለም።

መልቲሜትር ደሞ እዚህ ጋር ያሳስታል። ሞጁሉ እየሰራ ስትለኩት 3.3 ሊያሳያቹ ይችላል፣ ምክንያቱም መልቲሜትር አማካዩን ነው የሚያሳየው፣ ለሚሊሰከንድ ብቻ ወርዶ የሚመለሰውን አይዝም። ኦሲሎስኮፕ ያለው ላብ ውስጥ ከሆናቹ እሱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ኦሲሎስኮፕ ከሌለ ግን ቀላሉ መፈተኛ ካፓሲተር ነው፦ ከ10 እስከ 100 ማይክሮፋራድ የሆነ አንድ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ሞጁሉ ራሱ ስር፣ ቪሲሲውና (የፓወር መግቢያ ፒኑና) ግራውንዱ መሀል አስገቡ፣ ነጭ መስመር ያለበት እግሩ ግራውንድ ላይ ይሁን። ከዛ በኋላ ትንሽ እንኳን ለውጥ ካያቹ፣ ማለት ቀድሞ ጭራሽ የማይሰራው አንዴ አንዴ መስራት ከጀመረ፣ ችግሩን አገኛቹት ማለት ነው፣ ኮዱን መነካካት አቁሙና ፓወሩ ላይ ስሩ።

ሁለተኛው ነገር የሲግናል ቮልቴጅ ነው። ኡኖ ከፒኖቹ የሚያወጣው 5 ቮልት ነው፣ ሞጁሎቹ ግን ብዙዎቹ በ3.3 ነው የሚያወሩት። ከኡኖ ቲኤክስ (መላኪያ ፒን) ወደ ሞጁሉ አርኤክስ (መቀበያ ፒን) በሚሄደው ሽቦ ላይ 1 ኪሎኦም ሬዚስተር፣ ከአርኤክሱ ወደ ግራውንድ ደሞ 2 ኪሎኦም ብታስገቡ 5ቱ ወደ 3.3 ይወርዳል፣ በቃ ይሄው ነው። ሞጁሉ የራሱ ፓወር ካለው ደሞ የሱ ግራውንድና የኡኖው ግራውንድ የግድ መገናኘት አለባቸው። ይሄ በጣም ይረሳል።

ኢኤስፒ-01 ወይስ ኢኤስፒ32

ሰው ኢኤስፒ-01 የሚገዛው ርካሽ ስለሆነ እና ኡኖው ስላለው ነው፣ ይገባኛል። ግን ኡኖ ላይ በትክክል ለማሰራት የሚፈልገውን ነገር ደምሩት፦ የራሱ 3.3 ቮልት ሬጉሌተር፣ ካፓሲተር፣ ሬዚስተሮች፣ ኢኤን የሚባለው ፒን፣ አንዳንዱ ላይ ሲኤች ፒዲ ተብሎ ነው የተጻፈው፣ ወደ 3.3 መያያዝ አለበት አለዛ ጭራሽ አይነሳም፣ ጂፒአይኦ 0 ሲበራ ግራውንድ ነክቶ ከሆነ ደሞ ፍላሽ ሞድ ውስጥ ይገባና ዝም ይላል። ብሬድቦርድ ላይ ራሱ በቀጥታ አይሰካም፣ ስምንቱ ፒኖች በሁለት መስመር አራት አራት ሆነው ስለተቀመጡ ብሬድቦርድ ላይ ስትጫኑት ፊት ለፊት ያሉት ፒኖች አንድ መስመር ላይ ይወድቁና ሾርት ያደርጋሉ።

ይሄን ሁሉ አልፋቹ ደሞ የባውድ ሬት፣ ማለት ሞጁሉና ኡኖው የሚነጋገሩበት ፍጥነት፣ ጣጣ አለ። ሞጁሉ ከፋብሪካ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ 115200 ላይ ነው፣ ኡኖ ደሞ ያለው የሃርድዌር ሲሪያል አንድ ብቻ ነው እሱም ለዩኤስቢው ተይዟል፣ ስለዚ ሰዉ ሶፍትዌር ሲሪያል (ሌላ ፒን በኮድ እንደ ሲሪያል የሚያሰራ ላይብረሪ) ይጠቀማል፣ ሶፍትዌር ሲሪያል ደሞ ኡኖ ላይ በ115200 ሲቀበል ፊደል ይዘላል። ሲሪያል ሞኒተሩ ላይ "ኦኬ" የሚለው ተቆራርጦ በመሀሉ የጥያቄ ምልክትና የተገለበጠ ፊደል የሚመጣው ለዛ ነው። መፍትሔው በዩአርት ዴፍ (AT+UART_DEF) ኮማንድ ወደ 9600 ማውረድ ነው፣ ይሄ ሞጁሉ ውስጥ ስለሚቀመጥ አንዴ ካደረጋቹት ይበቃል። ኮማንድ ጽፋቹ ምንም መልስ ከሌለ ደሞ ሲሪያል ሞኒተሩ ላይ ያለውን የመስመር መጨረሻ ምርጫ ሁለቱንም፣ ኒውላይንና ካሪጅ ሪተርን፣ አድርጉት። ሲበራ ለአፍታ የሚተፋውን ዝብርቅርቅ ጽሑፍ ለማንበብ ከፈለጋቹ ባውዱን 74880 አድርጉት፣ ለምን እንደተነሳና በምን ሞድ እንደገባ እዛ ላይ ይጽፋል።

አሁን ኢኤስፒ32 ያዙ በሉት፣ ከላይ ያለው ዝርዝር ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ዋይፋዩ እዛው ፕሮሰሰሩ ጋር ስለሆነ ባውድ የለ፣ ሬዚስተር የለ፣ ቦርዱ ላይ ሬጉሌተር አለው፣ ዩኤስቢ ሰክቶ መጀመር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ያለ ቺፕ ስለሆነ ላይብረሪውም ምሳሌውም ሞልቷል። በዛ ላይ ኢኤስፒ-01 ላይ ለሬጉሌተሩና ለአዳፕተሩ የምታወጡት ሲደመር የዋጋው ልዩነት ይጠባል።

ግን ኢኤስፒ32ም የራሱ ጸባይ አለው፣ ሳታውቁት ገብታቹ እንዳትናደዱ። አንደኛ ፒኖቹ በሙሉ 3.3 ናቸው፣ ኡኖ ላይ ስትጠቀሙበት የነበረውን 5 ቮልት የሚመልስ ሴንሰር፣ ለምሳሌ ያ ሁለት አይን ያለው ኤችሲ-ኤስአር04 የርቀት ሴንሰር፣ ኢኮ ፒኑን ሳትቀንሱ እንዳትሰኩት። ሁለተኛ ዋይፋይ ሲበራ ኤዲሲ2 (ቺፑ ውስጥ አናሎግ ከሚያነቡት ሁለት ክፍሎች ሁለተኛው) ላይ ያሉት አናሎግ ፒኖች ማንበብ ያቆማሉ። ይሄ የአፈር እርጥበት ሴንሰር የሚሰሩ ልጆችን በጣም ያደክማል፣ ዋይፋይ ሳይከፈት ሴንሰሩ ጥሩ ያነባል፣ ዋይፋይ ሲጨመር እርባና የሌለው ቁጥር ያመጣል፣ እና ሴንሰሩ ተበላሸ ይባላል። አናሎግ ሴንሰር ከ32 እስከ 39 ባሉት ፒኖች ላይ አድርጉ፣ እነሱ ኤዲሲ1 ናቸው፣ ከ34 እስከ 39 ያሉት ግን ማንበብ እንጂ ማውጣት አይችሉም። ፒን 12 ላይ ደሞ ሲነሳ ሃይ የሚያደርግ ነገር አታስገቡ፣ ቦርዱ ላይነሳ ይችላል።

"ብራውንአውት ዲቴክተር" የሚል ጽሑፍ እየጻፈ ራሱን ደጋግሞ ሪሴት የሚያደርግ ከሆነ ያው የፓወር ነገር ነው፣ ብዙ ጊዜ ቀጭን ወይ ረጅም የዩኤስቢ ኬብል ነው ምክንያቱ። ፖርቱ ጭራሽ ኮምፒውተሩ ላይ ካልመጣ ኬብሉ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ እንዳይሆን በስልክ ፋይል አስተላልፋቹ ሞክሩት፣ ከዛ ቦርዱ ላይ ያለውን የዩኤስቢ ቺፕ፣ የሲፒ2102 ወይ የሲኤች340፣ ድራይቨሩን እዩ። ኮድ ሲጫን "ኮኔክቲንግ" እያለ ነጥብ ብቻ ከደረደረ ቡት የሚለውን በተን ተጭናቹ ያዙት።

አልገናኝ ያለው ከዋይፋዩ ጋር ከሆነ ደሞ ስልኩን እዩት፣ ሁለቱም ኢኤስፒዎች የሚያዩት 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው። ሆትስፖት ከአይፎን 12 ወዲህ ካለ ስልክ ከሆነ ሆትስፖት ሴቲንጉ ውስጥ ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ የሚለውን አብሩ፣ አንድሮይድ ላይ ደሞ ባንዱን 2.4 አድርጉት። የካምፓስና የሆቴል ዋይፋይ፣ ከተገናኛቹ በኋላ በብራውዘር ሎግኢን የሚያስደርገው፣ በተለመደው ኮድ አይሄድም፣ ኔትወርኩን ያገኘዋል አይፒም ይወስዳል ግን ኢንተርኔት አያወጣም፣ ፕሬዘንቴሽን ቀን ላይ በሆትስፖት ተዘጋጅታቹ ሂዱ።

ኡኖው ላይ የግድ መቆየት ያለባቹስ? 5 ቮልት የሚፈልግ የሞተር ሺልድ ተደርቦበት ያለቀ ፕሮጀክት ካለ ኡኖ አር4 ዋይፋይ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው፣ ቅርጹም ፒኖቹም ያው ሆኖ ውስጡ ኢኤስፒ32-ኤስ3 አለው። ጥሩ ነው ግን ውድ ነው፣ ሀገር ውስጥም እንደልብ አይገኝም። ወይ ደሞ ኡኖውን ለሞተሩ ትታቹ ኢኤስፒ32ቱን በሲሪያል ማገናኘት ነው፣ ለተማሪ ይሄኛው ያዋጣል።

ኤንአርኤፍ24

ኢንተርኔት የማያስፈልጋቹ ከሆነ፣ ማለት አንድ ሴንሰር ጊቢ ውስጥ ሆኖ ቤት ውስጥ ላለ ሌላ ቦርድ ቁጥር መላክ ብቻ ከሆነ ስራው፣ ከዚህ የተሻለ ርካሽ ነገር የለም፣ ራውተር አይፈልግም፣ ዳታ አይቆርጥም፣ መብራት ቢጠፋም በባትሪ ይሰራል። ስሙ የጠፋው በሁለት ነገር ነው፣ በፓወርና በተመሳስሎ በተሰራ ቺፕ።

ትንሹ፣ አንቴናው ቦርዱ ላይ የተሳለው፣ ሲልክም ሲቀበልም ከ14 ሚሊአምፒር ስለማይበልጥ የኡኖ 3.3 ፒን በመጠን ይችለዋል፣ ግን ከጃምፐሩ የሚመጣውን የቮልቴጅ መዋዠቅ በጣም ይጠላል፣ ለዛ ነው ካፓሲተር ብቻ ጨምረው ተነሳ የሚሉት። ትልቁ፣ ጥቁር አንቴና የሚጠመዘዝለት፣ ሲልክ ከ100 ሚሊአምፒር በላይ ስለሚስብ ከኡኖው ፒን አትሞክሩት፣ ለሱ ተብሎ የሚሸጥ ሬጉሌተር ያለው ትንሽ አዳፕተር አለ፣ 5 ቮልት አስገብታቹ ሞጁሉን እላዩ ላይ መሰካት ነው። የሲግናል ፒኖቹ 5 ቮልት ይችላሉ፣ ሬዚስተር አያስፈልግም። ቪሲሲው ላይ 5 ቮልት ከሰካቹ ግን ይቃጠላል፣ ጣሪያው 3.6 ነው።

ሽቦውን ለማረጋገጥ የአርኤፍ24 ላይብረሪ ፕሪንት ዲቴይልስ የሚል ፈንክሽን አለው። እሱን ስታስኬዱት የሚወጡት ቁጥሮች በሙሉ ዜሮ ወይ በሙሉ ኤፍኤፍ ከሆኑ ኡኖውና ሞጁሉ ጭራሽ እየተነጋገሩ አይደለም፣ ሽቦ ነው፣ ስለ ሬዲዮ ግንኙነቱ ገና አታስቡ። ትክክለኛ ቁጥር ከመጣ ሽቦው ደህና ነው ማለት ነው፣ ከዛ ሁለቱም ጎን አድራሻው፣ ቻናሉና ስፒዱ አንድ መሆኑን እዩ። ሲኢ እና ሲኤስኤን የሚባሉት የሞጁሉ መቆጣጠሪያ ፒኖች ላይ ተጠንቀቁ፣ አንዱ ምሳሌ 7 እና 8 ይላል፣ ሌላው 9 እና 10 ይላል፣ ኮዱ የሚለውና ሽቦው የተሰካበት መመሳሰል አለበት። ከኡኖ ወደ ሜጋ ስትሄዱ ደሞ ኤስፒአይ (ኡኖው ከሞጁሉ ጋር የሚነጋገርባቸው የዳታ መስመሮች) ከ11፣ 12፣ 13 ወደ 51፣ 50፣ 52 ይቀየራል፣ ኡኖ ላይ ሲሰራ የነበረ ሺልድ ሜጋ ላይ ዝም የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ስትፈትሹ ሁለቱን ሞጁሎች አጠገብ ላጠገብ አታስቀምጡ፣ በተለይ ትልልቆቹን፣ የአንዱ ጉልበት የሌላውን መቀበያ ያደነቁረዋል፣ የመላኪያ ሃይሉን ሎው አድርጋቹ ቢያንስ አንድ ሁለት ሜትር አራርቁ። ላይብረሪው ካልነካቹት ቻናል 76 ይጠቀማል፣ ራውተራቹ ቻናል 1 ወይ 6 ላይ ከሆነ አይጋጩም። ስትገዙ ደሞ ሁለቱንም ከአንድ ሻጭ ከአንድ እሽግ ውሰዱ፣ የተለያየ ቺፕ ከሆነ ኮዱ ትክክል ሆኖ አንዱ የላከውን ሌላው ላይቀበል ይችላል።

ኤችሲ-05

ከስልክ ላይ መኪና ምናምን ለመንዳት ቀላሉ ይሄ የብሉቱዝ ሞጁል ነው፣ ብዙም የሚያስቸግር ነገር የለውም። አይፎን ላይ ግን አይሰራም፣ የድሮው ክላሲክ ብሉቱዝ ስለሆነ፣ ተጠቃሚዎቹ አይፎን ካላቸው ወይ ኤችኤም-10 (አይፎን የሚቀበለው አይነት የብሉቱዝ ሞጁል) ወይ ኢኤስፒ32 ውሰዱ። ፒን ኮዱ 1234 ነው፣ እምቢ ካለ 0000። ስሙን ለመቀየር ሞጁሉ ላይ ያለችውን ትንሽ በተን ተጭናቹ ፓወር ስጡት፣ መብራቱ ቀስ ብሎ ብልጭ ማለት ሲጀምር ኮማንድ ሞድ ገብቷል፣ እዛ ላይ ባውዱ 38400 ነው፣ በተለመደው ሞድ ደሞ 9600። ፒን 0 እና 1 ላይ ሰክታቹት ከሆነ ኮድ ስትጭኑ ንቀሉት፣ "ኖት ኢን ሲንክ" የሚለው ኤረር ከዛ ነው የሚመጣው።

ሲም800ኤል

ዋይፋይ በሌለበት፣ ገጠር እርሻ ላይ ላለ የውሃ ፓምፕ ወይ ለመጋዘን ማስጠንቀቂያ፣ እኛ ሀገር ምርጫው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው፣ 2ጂ ኔትወርክ ስላለን በኤስኤምኤስ ብቻ ብዙ ስራ ይሰራል። አሜሪካ ያላቹ ግን እዛ አትድከሙበት፣ ኤቲኤንድቲ የሚባለው የስልክ ድርጅት 2ጂውን እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ ዘግቷል፣ እናንተ ሲም7600 ወይ ኤ7670 አይነት 4ጂ ነው የሚያስፈልጋቹ፣ እሱም ለሀገሩ ባንድ የተሰራውን ለይታቹ።

ሲም800ኤል የሚፈልገው ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ነው። 3.3 ያንሰዋል፣ 5 ይበዛበታል፣ ኡኖ ላይ ደሞ ያሉት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ ጣጣው ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሲልክ በየ4.6 ሚሊሰከንዱ ለግማሽ ሚሊሰከንድ ያህል እስከ 2 አምፒር ይጎትታል፣ ቀጭን ጃምፐር ላይ ይሄ ብዙ ቮልቴጅ ይበላል። የሚሰራው አገጣጠም ይሄ ነው፦ ኤልኤም2596 ባክ ኮንቨርተር (ቮልቴጅ የሚያወርድ ቦርድ)፣ ሞጁሉን ከማገናኘታቹ በፊት በመልቲሜትር እያያቹ 4 ቮልት ላይ አስተካክሉት፣ ሞጁሉ ስር 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ መሀል ላይ ያለው ሽቦ አጭርና ወፈር ያለ። ወይ አንድ የ18650 ሊቲየም ባትሪ በቀጥታ፣ ከ4.2 ስለማይበልጥ ይስማማዋል፣ መብራት ሲጠፋም አይቆምም፣ እኔ ለእርሻው ይሄን እመርጣለሁ።

መብራቱን እዩት። በየሰከንዱ ብልጭ ካለ ኔትወርክ እየፈለገ ነው፣ በየ3 ሰከንዱ ከሆነ ይዟል። በየሰከንዱ ብልጭ ብልጭ ብሎ ትንሽ ቆይቶ እንደ አዲስ የሚጀምር ከሆነ ፓወር ነው፣ ሲሙን አትውቀሱ። ሲም ካርዱን ስልክ ላይ አስገብታቹ ፒን መቆለፊያውን አጥፉ፣ ካርዱ ራሱ እንደሚሰራም እዛው አረጋግጡ። ከዛ የሲግናሉን ጥንካሬ ሲኤስኪው (AT+CSQ) ብላቹ ጠይቁት፣ ከ0 እስከ 31 ነው የሚመልሰው፣ 99 ካለ ምንም አያይም፣ አንቴናው በደንብ መበየዱን እዩ። ሲሬግ (AT+CREG?) ላይ 0,1 ካመጣ ኔትወርኩ ላይ ተመዝግቧል።

አንድ ትንሽ ነገር፣ የዚህ ሞጁል ሲግናል 2.8 ቮልት ነው፣ የኡኖ ቺፕ ደሞ በዳታሺቱ ሃይ ብሎ የሚቀበለው ከ3 ቮልት ጀምሮ ነው። ጠረጴዛ ላይ ብዙ ጊዜ ይሰራል፣ ግን ዋስትና የለውም፣ ሜዳ ላይ ለዓመት የሚቀመጥ ነገር ከሆነ ሌቭል ሺፍተር (የሲግናሉን ቮልቴጅ የሚያስማማ ትንሽ ቦርድ) አስገቡበት።

ሎራ የሚባለውን ሩቅ የሚደርስ ሬዲዮ በአጭሩ ልንካው፣ ሲም የማይይዝበት ሰፊ ቦታ ላይ ትንሽ ትንሽ ዳታ ለመላክ ነው፣ ፎቶ አይልክም። ያለ አንቴና እንዳታስልኩት፣ መላኪያው ሊቃጠል ይችላል። የ433 እና የ868 ሜጋኸርዝ ሞጁሎች አይነጋገሩም፣ ሁለቱንም አንድ አይነት ግዙ፣ የትኛው ፍሪኩዌንሲ እንደሚፈቀድ ደሞ ከኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ጠይቁ።

ሞጁሉ በርግጥ ሞቷል ወይ የሚለውን ለመወሰን ሙሉ ፕሮጀክታቹን አውልቁ፣ ሴንሰሩንም ስክሪኑንም ሞተሩንም፣ ኡኖው፣ ሞጁሉና የላይብረሪው የራሱ ምሳሌ ኮድ ብቻ ይቅሩ። እዛ ላይ ከሰራ ሞጁሉ ጤነኛ ነው፣ ያወለቃቹትን አንድ ባንድ እየመለሳቹ የትኛው ላይ እንደሚቆም እዩ፣ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ፓወሩን ሲጎትት ወይ ኤስዲ ካርዱ ያንኑ ኤስፒአይ ሲሻማ ነው። ባዶውንም ካልሰራ ከጓደኛ የሚሰራ አንድ ሞጁል ተዋሱና እዛው ሽቦ ላይ ሰኩት፣ የሱ ከሰራ የናንተን ቀይሩት፣ የሱም ዝም ካለ አዲስ አትግዙ፣ ወደ ፓወሩ ተመለሱ።